ሠላሳ አንድ የሸማኔ ጉድጓዶች

ዶክተር ትርንጎ ሶርሳ የሥራ ቀኗን የምትጀምረው ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ከከተማው በታች ባለው ውሃ ላይ በመራመድ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ስለሠራችበት ቢሮ ከፍቶ ከመግባት የተለየ ነገር ሆኖ አይታያትም። የምንጮች ሳይንስ ማዕከል ዋና አዳራሽ ወለል የአርባ ምንጭን ከርሰ ምድር እስከ አራት መቶ ሜትር ጥልቀት ድረስ በብርሃን ያሳያል፤ ውሃው ሰማያዊ፣ ዐለቱ ቡናማ፣ አሸዋው ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ። ባዶ እግሯን የምትሄደው ለወግ አይደለም። ውሃው ወደ ላይ በቀረበበት ቦታ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ በራቀበት ይሞቃል፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ከዓይኗ ቀድሞ እግሯ ይነግራታል።

ኅዳር 6 ቀን 2117 ዓ.ም. ጠዋት ግን የሸማኔዎች ሰፈር የሚታይበት ቦታ ላይ ስትደርስ ወለሉ አልቀዘቀዘም፣ አልሞቀምም። ጎንበስ ብላ አየችው። ጥቁር ነው። ትናንትም ጥቁር ነበር፤ ዛሬ ግን በአንድ እርምጃ ሰፍቷል።

“ማስረሻ፣ በሽተኛህ እንዴት አደረ?” ብላ ተጣራች።

ማስረሻ ከመሣሪያው ኋላ ብቅ አለ። ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ፣ የማዕከሉ ብቸኛ ቴክኒሻን ነው። ጠዋት ጠዋት ከሰው በፊት ለመሣሪያው ሰላምታ ይሰጣል እየተባለ ይታማል፤ ሐሜቱም እውነት ነው። ስልሳውንም ኪሎ ሜትር ክር አንድ በአንድ እንደፈተሸ፣ አንድም ቦታ የተበጠሰ እንዳላገኘ ነገራት። መሣሪያው ፍጹም ጤነኛ ነው፤ ብቻ አያይም።

ክር ያለው የመስታወት ክር ነው። ምድረ ሰሚ ብለው የሰየሙት መሣሪያ ስሙ እንደሚለው ምድርን ያዳምጣል። ከፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮች በከተማው መንገዶች ሥር ተቀብረዋል፤ መሬቱ ትንሽ በተንቀጠቀጠ ቁጥር በክሩ ውስጥ የሚሮጠው ብርሃን ይናወጣል፤ ኮምፒዩተሩም ከዚያ ተነስቶ ከታች ያለው ዐለት ይሁን ውሃ ያሰላል። በመሃል የማስረሻ የእጅ ሥራ የሆነ አንድ ፕሮግራም አለ፤ የኳኳታ ማጣሪያ ይባላል። የመኪናውን፣ የወፍጮውን፣ የሰውን ድምፅ ሁሉ ቆርጦ ይጥልና የምድርን ድምፅ ብቻ ያስቀራል። ማስረሻ በዚህ ማጣሪያ ሁለት ጊዜ ተሸልሟል።

ጥቁሩ ነገር ወለሉን ማበላሸቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትርንጎ ባልተጨነቀች። ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት ፓምፖች በጭፍን ሲስቡ አሥራ አንድ ምንጮች ደርቀው ስለነበር፣ ምድረ ሰሚ በማያይበት ቦታ ውሃ መሳብ በሕግ ተከልክሏል። ትልቁ የውሃ ጅማት ደግሞ የሚያልፈው በትክክል በሸማኔዎች ሰፈር ሥር ነው። ስለዚህ ጥቁሩ ከታየበት ከኅዳር አንድ ጀምሮ የከተማው ግማሽ ቧንቧ ተዘግቷል። ሰዉ ጀሪካን ይዞ በቦቴ ፊት ሲሰለፍ የሚያማርረው ፓምፖቹን አይደለም፤ “እነዚያ ላይ ቤት ያሉት ሳይንሶች ዘጉብን” ነው የሚለው።

በዚህ ላይ ከዋና ከተማ ደብዳቤ መጥቷል። ኢንጂነር በቃሉ የሚባሉ ተቆጣጣሪ ኅዳር 16 ይመጣሉ፤ መሣሪያው ካልሠራና የጎብኚው ቁጥር ካልተሻሻለ ምድረ ሰሚ ተነቅሎ ለሌላ ከተማ ይሰጣል፣ ማዕከሉም ይዘጋል። የጎብኚውን ነገር ባያነሱት ይሻል ነበር። ባለፈው ወር የመጣው ሰው ስልሳ ሦስት ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ አርባዎቹ ዝናብ ሲይዛቸው ለመጠለል የገቡ የሠርግ አጃቢዎች ነበሩ። ማዕከሉ አጋር አጥቶ ግን አይደለም። በመግቢያው ግድግዳ ላይ በመስታወት ክፈፍ የተሰቀሉ አሥራ ሰባት የመግባቢያ ሰነዶች አሉ፤ ሁለቱ በማንም ሊነበቡ በማይችሉ ቋንቋዎች የተጻፉ ናቸው። ትርንጎ በየቀኑ በሥራቸው ስታልፍ እንደምትኮራባቸው እንጂ ምን እንደሚሠሩ አስባ አታውቅም።

ማዕከሉ ቢዘጋ ምን እንደምትሆን ማሰብ አልፈለገችም። ሌላ ከተማ ሥራ አታጣም። ይህን ወለል ግን አታገኝም፤ ትወደዋለች።

የዚያን ቀን ቁጭ ብላ የአሥራ ሁለት ዓመቱን መዝገብ ስታገላብጥ አንድ ነገር አየች። መሣሪያው በየዓመቱ መስከረም አጋማሽ ላይ ይታመማል። ለሁለት ሳምንት ያህል በዚያው በሸማኔዎች ሰፈር ሥር ምስሉ ይጠፋና ወሩ ሲያልቅ ራሱ ይድናል፤ ፓምፖቹም እስከዚያ ለዓመታዊ ጥገና ይዘጋሉ። በየዓመቱ “ከክረምት መውጣት ጋር የተያያዘ ወቅታዊ ችግር” ተብሎ ተጽፎ ተፈርሞበታል። ፊርማው የራሷ ነው። አሥራ ሁለት ጊዜ ፈርማ አንድ ጊዜ እንኳ ወርዳ አላየችም። መዝገቡን ዘግታ ጫማዋን አጠለቀችና ቁልቁለቱን ወረደች።

ሰፈሩ ከማዕከሉ አጥር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። መጀመሪያ የገረማት ጸጥታው ነበር። ቤቶቹ ቆመዋል፣ በየቤቱ ዳስ ሥር ሸማኔው ቁጭ ብሎ እግሩን የሚያስገባባቸው ጉድጓዶችም አሉ፤ ምሰሶዎቻቸው ግራና ቀኝ እንደተተከሉ ነው። ሸማኔ ግን የለም። በየጉድጓዱ አፍ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ በነጭ ቀለም ቁጥር ጽፎበታል፤ እስከ ሠላሳ አንድ ቆጠረች። አንዲት ሴት ሰዎቹ አዲሱ ሕንጻ ላይ እንደሆኑ ጠቆመቻት።

አዲሱ የሽመና ሕንጻ ባለ አራት ፎቅ፣ ብርሃን የሞላበት፣ የሚያምር ነገር ነው። ጋሽ ዳልኬን ሦስተኛው ፎቅ ላይ አገኘቻቸው። ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ከሰፈሩ ሸማኔዎች ሁሉ አንጋፋው ናቸው። በብረት እግር ላይ የቆመ አዲስ የሽመና ዕቃ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በርጩማ ስበው አስቀመጧትና ሥራቸውን ሳያቋርጡ የመጣችበትን ጠየቋት። ሰፈሩ ውስጥ መሬት ተቆፍሮ እንደሆነ፣ አዲስ ነገር ተሠርቶ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ምንም አልተሠራም አሉ። አዲስ ነገር ቢኖር እነሱ ወደዚህ መምጣታቸው ነው።

“መቼ ነው የመጣችሁት?”

“ኅዳር አንድ፤ ኅዳር ሚካኤል ይለፍ ብለን ነበር፣ ማዘጋጃ ቤት ግን ቀኑን ቆርጦ ነበር።”

ጥቁሩ የታየው ኅዳር አንድ ነው። ትርንጎ በርጩማውን ወደ እሳቸው አስጠጋች። ሌላ ጥያቄ ከመጠየቋ በፊት መልሱን ያወቀችው ይመስላታል፤ ቢሆንም ጠየቀች፤ ከዚያ በፊት ሁሉም ጉድጓዶች ዝም የሚሉበት ጊዜ ይኖር እንደሆነ።

“ለመስቀል ወደ አገራችን ወደ ዶርዜ ስንወጣ ነዋ” አሉ ጋሽ ዳልኬ። “ከመስከረም አጋማሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ሰው አታገኚም። ሸማኔ ሆኖ መስቀልን ቆላ የሚውል አለ እንዴ?”

ለምን ወደ ሕንጻው እንደገቡ ስትጠይቃቸው ሥራቸውን አቆሙና አዩዋት። ከዚያ ተነስተው ከግድግዳው ኪስ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አምጥተው ሰጧት። የማዕከሉ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው፤ ከስድስት ወር በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ የተጻፈ። “በሰፈሩ የሚካሄደው የሽመና ሥራ በከርሰ ምድር መሣሪያችን ላይ ከፍተኛ ኳኳታ እየፈጠረ ስለሆነ አስፈላጊው እርምጃ እንዲወሰድልን እንጠይቃለን” ይላል። ከሥሩ ዶክተር ትርንጎ ሶርሳ የሚል ፊርማ አለ።

ፈርማው ረስታው ነበር። በዚያን ቀን ከፈረመቻቸው ሃያ ወረቀቶች አንዱ መሆን አለበት። ጋሽ ዳልኬ አልተቆጧትም፤ ያ ደግሞ ይባስ አሳፈራት። ሕንጻው ደህና ነው፣ ብርሃን አለው፣ ማዘጋጃ ቤቱም አልበደለንም አሉ። ዝቅ ባለ ድምፅ የጨመሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አርባ ስምንት ዓመት የሠራ ሰው ሥራው ኳኳታ ይባላል ብሎ አያስብም።

ትርንጎ ይቅርታ መጠየቅ ፈለገች፣ ቃሉ ግን ለዚያ ወረቀት አነሰባት። በምትኩ አንድ ነገር ለመነቻቸው፤ ወደ ድሮው ጉድጓዳቸው ወርደው ለአሥር ደቂቃ ብቻ እንዲመቱላት። ክር በሌለበት መምታት የሕፃን ጨዋታ ነው ብለው ሳቁ፤ ነገር ግን ተነሱ።

የእሳቸው ጉድጓድ ቁጥር አሥራ አራት ነው። ቁጭ ብለው እግራቸውን አስገቡ፣ ማጉን የሚያጠብቀውን ባዶ እንጨት ያዙ፣ ከዚያ መምታት ጀመሩ። ምሰሶዎቹ መሬት ውስጥ የተተከሉ ስለሆኑ ትርንጎ ምቱን በጫማዋ ሥር ተሰማት። በጆሮዋ ላይ ባለችው ትንሽ ስልክ ማስረሻ ወለሉን እንዲያይ ነገረችው።

“ምንም የለም” አለ ማስረሻ። ቀጥሎ፣ “ቆይ እስቲ። መዳፍ የምታህል ሰማያዊ ነገር መጣች።”

ጋሽ ዳልኬ እንዲያቆሙ ምልክት ሰጠቻቸው። ማስረሻ ጠፋች አለ። እንደገና አስጀመረቻቸው። ተመለሰች አለ። ነገሩ ለሁለቱም ባንድ ጊዜ ገባቸው። ሁለቴ ያሸለመው ማጣሪያ የሸማኔዎቹን ምት ኳኳታ ነው ብሎ ይቆርጠዋል። ያ ምት ወደ ታች ወርዶ ከውሃውና ከዐለቱ ተንጸባርቆ ሲመለስ ግን ቀጭን ስለሚሆን ማጣሪያው አያውቀውም፤ የምድር የራሷ ድምፅ መስሎት ያሳልፈዋል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምድር ተናገረች እያሉ የመዘገቡት ሸማኔዎቹ ለምድር ሲናገሩ የተመለሰውን ነበር።

“ትርንጎ” አለ ማስረሻ በመጨረሻ፣ “እኛ እኮ መብራቱን ራሳችን ነን ያጠፋነው።”

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ የሚችል መስሏት ነበር። ሸማኔዎቹ ወደ ጉድጓዶቻቸው ይመለሳሉ፣ ወለሉ ይበራል፣ ኢንጂነሩም ያያሉ። ማታውን አሥራ ስምንተኛውን የመግባቢያ ሰነድ አረቀቀች፤ ዓላማ፣ የጋራ ኃላፊነት፣ የሚጸናበት ጊዜ፣ ሁሉም አለው። ጋሽ ዳልኬ ሰነዱን ተቀብለው አላነበቡትም። ወደ ዱቡሻ እንድትመጣ ነገሯት። ዱቡሻ የጋሞ ሰዎች ጉዳያቸውን ተቀምጠው የሚጨርሱበት ክፍት አደባባይ ነው፤ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ይቀመጣሉ፣ ሁሉም በየተራው ይናገራል፣ የሚያቋርጥ የለም።

ኅዳር 10 ቀን ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ተገኘ። በዚህ ሰፈር ደንብ አስቀድሞ የሚናገረው ያጠፋው ሰው ነው። ትርንጎ በጉባኤ ላይ መናገር ለምዳለች፤ የጽሑፍ መግቢያም አዘጋጅታ ነበር። ቆማ ስታያቸው ግን መግቢያው ከአፏ አልወጣም። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ አለች። ኳኳታ ያልኳችሁም እኔ ነኝ። ወርጄ ሳላይ፣ አንዳችሁንም ሳልጠይቅ ነው የፈረምኩት። አሁን ደግሞ ስለምፈልጋችሁ መጣሁ። ይህን ብላ ተቀመጠች።

ብዙ ሰው ተናገረ። ወጣቶቹ ሕንጻውን ወደውታል። አንዲት ጎልማሳ ሸማኔ ተነስታ ጉልበቷን ያዝ አድርጋ፣ ከጉድጓድ ከወጣች ጀምሮ ጉልበቷ ማታ ማታ እንደማያማት፣ ለማንም መሣሪያ ብላ ወደዚያ እርጥበት እንደማትመለስ ተናገረች። የእሷ ጉድጓድ በበጋም ግድግዳው ያልባል። የአባቷም እንደዚያው ነበር፤ አባቷ በስተርጅና መራመድ አቅቷቸው ነው የሞቱት። ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞረች።

“ይኸው መሣሪያችሁ ከመሬት በታች ያለውን ውሃ ያሳያል ይላሉ። ከእኔ ጉድጓድ ሥር ውሃ መኖሩን ታውቂ ነበር?”

ትርንጎ ታውቃለች። በየቀኑ ጠዋት እግሯ የሚቀዘቅዘው እዚያ ላይ ነው። ከሠላሳ አንዱ ዘጠኙ ጉድጓዶች ሥር ውሃው ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ አይርቅም።

“አውቅ ነበር” አለች። “አሥራ ሁለት ዓመት።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?”

ትርንጎ ብዙ መልስ መጣላት። በሩ ለማንም ክፍት ነው፤ መግቢያው ነፃ ነው፤ በየዓመቱ መጽሔት እናሳትማለን። ሁሉም እውነት ነበር፣ ሁሉም ደግሞ በዚህች ሴት ጉልበት ፊት የሚያሳፍር ነበር።

“የሚያስፈልጋችሁ አልመሰለኝም ነበር” አለች። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም።

ሽማግሌዎቹ ጥቂት ተነጋገሩ። ጋሽ ዳልኬ ሣራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛውረው ብይኑን ተናገሩ። ሰነዱ ይቆይ አሉ፤ ግድግዳ ለማስጌጥ ሌላ ይፈለግ። ነገ ጠዋት ባለጉድጓድ ሁሉ ወደ ማዕከሉ ይወጣና ከእግሩ ሥር ያለውን በዓይኑ ያያል። ጉድጓዱ እርጥብ የሆነበት ሰው ደረቅ ቦታ ይመረጥለታል፤ አዲሱን ጉድጓድም ሰፈሩና የማዕከሉ ሰዎች አብረው ይቆፍራሉ። ፎቁን የወደደ ፎቁ ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን ሁሉም በተራ እየወረደ ጉድጓዶቹ ከጠዋት እስከ ቀትር አያርፉም። ይህ ከሆነ ለሚመጣው ተቆጣጣሪ የሚታይ ነገር አይጠፋም።

በማግስቱ ማዕከሉ ከተከፈተ ጀምሮ አይቶት የማያውቀው ዓይነት እንግዳ ገባበት። ሠላሳ አንድ ጥንድ ጫማ በር ላይ ተደረደረ። ማስረሻ የጥቅምትን ምስል፣ ጥቁሩ ከመታየቱ በፊት ያለውን፣ ወለሉ ላይ አወጣላቸው። ትርንጎ ለማስረዳት ተዘጋጅታ ነበር፤ ማንም ማብራሪያ አልጠየቃትም። ሸማኔዎቹ ተራ በተራ እየተራመዱ ሰፈራቸውን በእግራቸው ፈለጉ። ያቺ ጉልበቷን የሚያማት ሴት አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። “ይኸው እሱ ነው” አለች። ከወለሉ የወጣው ቅዝቃዜ የምታውቀው ቅዝቃዜ ነበር።

ጋሽ ዳልኬ ግን የውሃውን ምስል ትተው ግድግዳ ላይ ያለውን የመስታወት ክሮቹን ካርታ ሲያዩ ቆዩ። ክሮቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ጎን ለጎን፣ ሳይነካኩ ተዘርግተዋል። ማስረሻን ጠርተው የሚያቋርጣቸው ሌላ ክር ይኖር እንደሆነ ጠየቁት። የለም አላቸው።

“ድሩን አሳምራችሁ ዘርግታችኋል” አሉት። “ማግ ግን አላስገባችሁበትም። በድር ብቻ ጨርቅ የሠራ ሰው አላየሁም። ማጉን እኛ ነበርን የምንወረውርላችሁ።”

ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ማስረሻ ወደ መሣሪያው ሄዶ የኳኳታ ማጣሪያውን አጠፋው። ትርንጎ አላዘዘችውም። ለአሥራ አምስት ዓመት የደከመበትን ፕሮግራም ሲያጠፋ ፊቱ ላይ የነበረውን አይታ እጁን ያዝ አደረገችው፤ ሁለቱም ሥራቸውን ቀጠሉ።

ቁፋሮው አራት ቀን ፈጀ። ዶማ ይዞ የማያውቀው ማስረሻ መዳፉ ተላጠ፤ ሸማኔዎቹም ቀን ሙሉ ሲያሾፉበት ዋሉ። ዘጠኙ አዳዲስ ጉድጓዶች በወለሉ ምስል ላይ ሞቅ ባሉት ቦታዎች ተቆፈሩ፤ ውስጣቸው ደረቅ ነበር። ያቺ ሴት አዲሱ ጉድጓዷ ውስጥ ገብታ ግድግዳውን በእጇ መላልሳ ዳሰሰች፤ ከዚያ ዕቃዋን ለማምጣት ወደ ሕንጻው ሄደች።

ኅዳር 16 ቀን ጠዋት ኢንጂነር በቃሉ መጡ። ትርንጎ የጠበቀችው ቁጡ ሰው ነበር፤ እሳቸው ግን የደከማቸው፣ ትሑት፣ ብዙ ማዕከል ዘግተው የሰለቻቸው ሰው ነበሩ። ጫማቸውን እንዲያወልቁ ስትጠይቃቸው ተገርመው አወለቁ። ወለሉ ጥቁር ነው። እሳቸውም ጥቁሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና ሰሌዳቸውን ከፈቱ።

“ትንሽ ይጠብቁ” አለች ትርንጎ። “ገና ቁጭ እያሉ ነው።”

ማን እንደሆነ ሊጠይቁ ሲሉ ከእግራቸው አጠገብ አንዲት ሰማያዊ ነጠብጣብ በራች። ከዚያ ሌላ። ከታች ሰፈሩ ውስጥ ሸማኔዎቹ አንድ በአንድ ሥራ እየጀመሩ ነበር። ነጠብጣቦቹ ሰፉ፣ ተገናኙ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ትልቁ የውሃ ጅማት ከዳር እስከ ዳር በወለሉ ላይ ተዘረጋ። ማጣሪያው ስለጠፋ ምስሉ ከድሮው ይልቅ ጠለቀ፤ ከጅማቱ ሥር ማንም አይቶት የማያውቅ ሌላ ቀጭን ውሃ ወደ ሐይቁ ሲሄድ ታየ። ማስረሻ ከመሣሪያው ኋላ እንደ ሕፃን ሳቀ። ኢንጂነሩ እግራቸው ቀዝቅዞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

ምን እንደሆነ ትርንጎ ነገረቻቸው፤ ደብዳቤዋን ጨምሮ። ወደ ሰፈሩም ወሰደቻቸው። ኢንጂነር በቃሉ በጋሽ ዳልኬ ጉድጓድ አጠገብ ቆመው ሪፖርታቸውን መሙላት ጀመሩና አንድ ቦታ ላይ ተቸገሩ። ቅጹ ማዕከሉን የሚጠቀሙ ሰዎችን የሚመዘግብባቸው ሦስት ሣጥኖች ብቻ አሉት፤ ጎብኚ፣ ሠራተኛ፣ አጋር ድርጅት። እነዚህ ሰዎች ጎብኚ አይደሉም፤ ደሞዝ አይከፈላቸውም፤ ድርጅትም አይደሉም።

“ምን ብዬ ልመዝግባችሁ?” ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ዳልኬ መወርወሪያውን በእጃቸው እንደያዙ ጥቂት አሰቡ። “ጎረቤት በሉን” አሉ።

“እንዲህ የሚል ሣጥን የለኝም።”

“ከዳሩ ላይ ይጻፉታ።”

ኢንጂነሩ ከሣጥኖቹ ዳር በእጃቸው ጻፉት። ማዕከሉ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ተወሰነ፤ ዓመቱም ሲያልቅ ማንም ስለ መዝጋት አላነሳም። የከተማው ቧንቧዎች በዚያው ሳምንት ተከፈቱ።

በሚቀጥለው መስከረም አጋማሽ ላይ ወለሉ እንደገና ጠቆረ። በዚህ ጊዜ ማንም አልደነገጠም። በፓምፖቹ በር ላይ “ሸማኔዎቹ ለመስቀል ወጥተዋል፤ ውሃውም ያርፋል” የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ከተማውም አስቀድሞ ውሃ ቀድቶ ስለነበር ሁለቱን ሳምንት በዚያ ኖረ። ትርንጎና ማስረሻም ተጋብዘው ወደ ዶርዜ ወጡ። ማስረሻ ከተራራው ላይ ለመሣሪያው ደውሎ ሰላም ብሎታል እያሉ ሸማኔዎቹ እስከ ዛሬ ያወሩበታል።

ከዚያ በኋላ የኅዳር አንድ ቀን መጣ። ትርንጎ እንደ ሁልጊዜው ጫማዋን አውልቃ ወደ አዳራሹ ገባች። ጊዜው ሦስት ሰዓት አልፏል፤ ወለሉ ሁሉ ሰማያዊና ቡናማ ሆኖ በርቷል። የሸማኔዎች ሰፈር ላይ ስትደርስ ግን አንዲት ጥግ ላይ፣ መዳፍ በምታህል ቦታ፣ እግሯ ዝም አለ። ቦታውን ሳታይ አወቀችው። ቁጥር አሥራ አራት ነው።

ማስረሻም ከመሣሪያው ላይ አይቶት ኖሮ የመፈተሻ ዕቃውን ማንሳት ጀመረ። ከክሮቹ አንዱ ሳይላላ አይቀርም አለ።

“ክሩን ተወው” አለችው። ጫማዋን እንኳ በደንብ ሳታስር ቁልቁለቱን ወረደች።

ሌሎቹ ጉድጓዶች በሥራ ላይ ነበሩ፤ አላፊ አግዳሚውን ሰላም እያሉ ይመታሉ። የጋሽ ዳልኬ ጉድጓድ ባዶ ነው። ጎረቤቶቻቸው ማለዳ ገበያ የወጡ መስሏቸው ነበር። በራቸው ገርበብ ብሏል። ገብታ ስታይ አልጋ ላይ ተኝተዋል፣ ትኩሳት ይዟቸው ከንፈራቸው ደርቋል፣ ሌሊቱን ሰው ሳይጠሩ ብቻቸውን እንዳደሩ ያስታውቃሉ። ሐኪም እንዲመጣ ማስረሻን በስልክ ነገረችውና ግንባራቸውን በእጇ ነካች።

ዓይናቸውን ከፍተው ሲያዩዋት ተገረሙ። ማንም ሳያውቅ እንዴት እንዳወቀች አልገባቸውም። ከዚያ የገባቸው መሰለ፤ ተጨንቀው ለመነሳት ሞከሩ።

“ውሃው ጠቆረባችሁ አይደል?” አሉ። “ልጄ፣ ትንሽ ታገሺኝ፣ እነሳለሁ፤ እመታለሁ።”

ትርንጎ ትከሻቸውን ይዛ ቀስ አድርጋ መልሳ አስተኛቻቸው። ስልሳ ኪሎ ሜትር የመስታወት ክር የተቀበረው ከምድር በታች ምን እንዳለ ለማወቅ ነበር፤ ዛሬ ያሳወቀው ነገር ግን ከምድር በላይ ማን እንደጎደለ ነው። ይህን በየትኛው መዝገብ፣ በየትኛው ሣጥን እንደምትጽፈው አላወቀችም። በርጩማውን ወደ አልጋው አስጠግታ ተቀመጠች።

“ውሃው ይቆይ፣ ጋሽ ዳልኬ” አለቻቸው። “እርስዎ እንዴት አደሩ?”